የሩብ ማይል ምስክር
የመኪና ጉልበት በሰዓት የተመዘነበት ታሪክ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። ይህ አባባል የተነገረው ለጦር ሜዳ ቢሆንም፣ ፈረስ ቀርቶ መኪና በተተካበት ዘመንም ትርጉሙ አልጠፋም። ዛሬ አንድ ሰው ስለ መኪናው ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነው። «ሦስት መቶ ፈረስ አለው» ይላል። ሌላው «የእኔ አራት መቶ ነው» ብሎ ይመልሳል። ታዲያ እነዚህን ፈረሶች ማን ቆጠራቸው? ሻጩ በወረቀት ጽፎ የሰጠውን ቁጥር ማመን ነው ወይስ መኪናው ራሱ የሚመሰክርበት ሜዳ አለ?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለፉት ሰባ ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ ፋብሪካዎችን ከውድድር ዳኞች ያጣላ፣ ጋዜጠኞችን ወደ ሒሳብ፣ የፊዚክስ መምህራንን ደግሞ ወደ መኪና ውድድር የወሰደ ጥያቄ ነው። መልሱም የተገኘው ከፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን 402 ሜትር ርዝመት ካለው ቀጥ ያለ የአስፋልት ቁራጭ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፈረሱ እንጀምር

«የፈረስ ጉልበት» የሚለውን መለኪያ ያወጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ ሲነሣ፣ ገዢዎቹ ወፍጮም ሆነ ፓምፕ የሚያዞሩት በፈረስ ስለነበረ «ይህ ማሽንህ ስንት ፈረስ ይተካልኛል?» የሚል ጥያቄ ገጠመው። እሱም አንድ ፈረስ በ1 ደቂቃ ውስጥ 33,000 ፓውንድ ክብደትን 1 ጫማ ከፍ ያደርጋል ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፤ መለኪያው ሲወለድም የሽያጭ መለኪያ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈረስ ጉልበት ሁለት ባሕርይ ይዞ ኖሯል፤ አንደኛው የሳይንስ፣ ሁለተኛው የገበያ።

ሩብ ማይልም ቢሆን ከመኪና በፊት የፈረስ ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን በቨርጂኒያና በአካባቢው የሰፈሩ እንግሊዛውያን በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሁለት ሁለት ፈረስ ያሽቀዳድሙ ነበር። በዚህ ርቀት ወደር የማይገኝለት የፈረስ ዘር እስከ ዛሬ «ኳርተር ሆርስ»፣ ማለትም «የሩብ ፈረስ» ይባላል። ርቀቱ ከዚያ ተወረሰም አልተወረሰም፣ መኪናው በኋላ የሮጠው ያንኑ የፈረስ ርዝመት ነው።

ሜዳው እንዴት ተገኘ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ ሞተሩን እየፈቱና እየገጠሙ፣ ወደ ደረቁ የሐይቅ ወለሎች ወደ ሙሮክና ወደ ኤል ሚራዥ እየወጡ ይፈትኑ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ልማድ ወደ ከተማ ገባ። በጎዳና ላይ ሽቅድድም ሰው ሞተ፤ ፖሊስም አሳደደ። በዚህ ጊዜ ነበር በ1950 በሳንታ አና አየር ማረፊያ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ የመጀመሪያው የንግድ ድራግ ሜዳ የተከፈተው። በ1951 ደግሞ የ«ሆት ሮድ» መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዋሊ ፓርክስ «ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ማኅበሩ በ1953 በፖሞና የመጀመሪያ ውድድሩን፣ በ1955 በካንሳስ ግዛት በግሬት ቤንድ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር አካሄደ።

ዓላማው ወጣቱን ከጎዳና አንስቶ ሕግና ሰዓት ወዳለበት ሜዳ ማምጣት ነበር። ሰዓቱ ሲመጣ ግን ማንም ያላሰበው ነገር አብሮ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ «የእኔ ይበልጣል» የሚለው ክርክር በጩኸት ይፈታ ነበር። አሁን ግን ሁሉም በአንድ ርቀት፣ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍር ጀመር። ሳይታወቅ የተሠራው የውድድር ሜዳ ብቻ ሳይሆን የሚዛን ቤት ነበር።

ሁለቱ ቁጥሮች

አንድ መኪና ሩብ ማይሉን ሲጨርስ ለነጂው የሚሰጠው ወረቀት ብዙ ቁጥር ቢኖረውም ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው መኪናው ከመነሻው ተነሥቶ መድረሻውን እስኪያልፍ የፈጀው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው አረንጓዴው መብራት ሲበራ ሳይሆን የፊት ጎማው የመነሻውን የብርሃን ጨረር ለቆ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ነጂው መብራቱን እያየ ቢያንቀላፋ ውድድሩን ይሸነፋል እንጂ ጊዜው አይበላሽበትም። ሁለተኛው ቁጥር ፍጥነቱ ነው። ይህም የሚለካው በአንዲት ቅጽበት ሳይሆን በመጨረሻዎቹ 20 ሜትር አማካይ ነው። እስከ 1989 ድረስ መለኪያው ከመድረሻው መስመር በፊት 20፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ 20 ሜትር ይሸፍን ስለነበረ፣ የዚያን ዘመን ፍጥነት ከዛሬው ጋር የሚያነጻጽር ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ሁለቱ ቁጥሮች ወንድማማች ቢሆኑም ባሕርያቸው ለየቅል ነው። ጊዜው ስለ መነሻው ብዙ ያወራል፤ ጎማው አስፋልቱን ነከሰ ወይስ ተንሸራተተ? ነጂው ፍሪሲዮኑን እንዴት ለቀቀው? ማርሹን መቼ ለወጠው? ፍጥነቱ ግን እንዲህ ላለው ወሬ ብዙም ጆሮ አይሰጥም። በመነሻው ላይ ግማሽ ሰከንድ ያባከነ መኪና ጊዜው ክፉኛ ቢጎዳም የመድረሻ ፍጥነቱ ብዙ አይቀንስም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው መካኒኮች አንድ አነጋገር አላቸው፤ ነጂውን ማወቅ ከፈለግህ ጊዜውን እይ፣ ሞተሩን ማወቅ ከፈለግህ ፍጥነቱን እይ።

ጋዜጠኛውና ቀመሩ

ይህን ልምድ ወደ ሒሳብ የለወጠው ሮጀር ሀንቲንግተን የተባለ የመኪና ጸሐፊ ነበር። ሀንቲንግተን የብዙ መኪናዎችን ክብደት፣ ጉልበትና የሩብ ማይል ፍጥነት ጎን ለጎን እያስቀመጠ ሲመረምር ቁጥሮቹ በአንድ ቀላል ሕግ ሥር እንደሚገቡ አየ። የመድረሻ ፍጥነቱ ጉልበቱ ለክብደቱ ተካፍሎ ከሚገኘው ቁጥር ኩብ ሩት ጋር አብሮ ይሄዳል። በ1973 ጄፍሪ ፎክስ የተባለ ምሁር በአሜሪካ የፊዚክስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ ጋዜጠኛው በልምድ የደረሰበት ሕግ ከኒውተን ሕጎች ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። በኋላም ፓትሪክ ሄይል የተባለ መሐንዲስ የቀመሩን ቋሚ ቁጥሮች ለዘመናዊ የውድድር መኪና አስተካከላቸው።

«ኩብ ሩት» ሲባል አንባቢ እንዳይሸሽ ነገሩን በቀላሉ እናስረዳ። አንድ መኪና በዚሁ ርቀት መጨረሻ ላይ ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ ቢፈልግ ምን ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልገዋል? ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የተሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን አራት እጥፍ ኃይል ለመሰብሰብ ያለው ጊዜ ደግሞ፣ በፍጥነት ስለሚሄድ፣ ግማሽ ብቻ ነው። አራት እጥፉን ሥራ በግማሽ ጊዜ መጨረስ ማለት ስምንት እጥፍ ጉልበት ማለት ነው። ሁለት በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ስምንት ይሆናል። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

የሄይል ቀመር ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦ የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ነጂውን ጨምሮ ለመኪናው ኪሎ ይካፈላል፤ የውጤቱ ኩብ ሩት በ289 ሲባዛ የመድረሻውን ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ፣ የተለካውን ፍጥነት ለ289 አካፍለህ፣ ውጤቱን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዝተህ፣ በመኪናው ክብደት ብታባዛው የሞተሩን ጉልበት ታገኛለህ። ግጭት፣ ነፋስና የጎማ መንሸራተት የሌለበት ዓለም ቢኖር ኖሮ 289 የሚለው ቁጥር 348 ይሆን ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ወደ ጉልበት ሲመነዘሩ፣ ከሞተሩ ጉልበት ወደ ፊት ሩጫ የሚለወጠው 57 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው በካምቢዮ፣ በዲፍረንሲያል፣ በጎማና በነፋስ ይበላል።

ወረቀቱ የዋሸበት ዘመን

ቀመሩ የምሁር ጨዋታ ሆኖ ያልቀረው አንድ ቁም ነገር ስለነበረበት ነው። በድራግ ውድድር ተራ የፋብሪካ መኪናዎች የሚመደቡት ክብደታቸው ለጉልበታቸው ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ነው። እንግዲህ አንድ ፋብሪካ የሞተሩን ጉልበት አሳንሶ ቢጽፍ መኪናው ከደካሞች ጋር ይመደባል፤ ከደካሞች ጋር የተመደበ ብርቱ ደግሞ ያሸንፋል። ያሸነፈ መኪና ሰኞ ዕለት ይሸጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ብርቱ ሞተር ያላቸውን መኪናዎች ክፍያ ከፍ ማድረግ ሲጀምሩ ደግሞ ቁጥሩን ማሳነስ ሁለት ጥቅም ያመጣ ጀመር።

በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሣው የ1968ቱ ፎርድ ማስታንግ «428 ኮብራ ጄት» ነው። ፋብሪካው ሞተሩ 335 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ጻፈ። መኪናው በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በፖሞናው የክረምት ውድድር ሲወጣ ግን ሜዳው ሌላ ነገር ተናገረ። የማኅበሩ ዳኞች የፋብሪካውን ቁጥር ወደ ጎን ትተው የራሳቸውን ከፍ ያለ ቁጥር ሰጡት። የሼቭሮሌት ኮርቬት «ኤል 88» ሞተርም በወረቀት 430 ቢባልም ከ500 በላይ እንደሚያወጣ በሜዳው ዘንድ የታወቀ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጉልበትን የሚለኩት ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው፣ ማርሚታውንና ሌላውን ሸክም ሁሉ አውልቀው ነበር። ከ1972 ጀምሮ ግን ሞተሩ በመኪናው ላይ እንደሚሠራበት ሆኖ መለካት ተለመደ። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ያው ሞተር በወረቀት ላይ ብዙ ፈረስ «ሞተበት»። ሰዓቱ ግን አልተለወጠም። ወረቀት በሕግ ይለዋወጣል፤ 402 ሜትር ግን ያው 402 ሜትር ነው።

ቱርቦ የሚባለው እንግዳ

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው አየርን በራሱ ስለሚስብ ሞተር ነው። ቱርቦ ሲመጣ ምስክርነቱ ተወሳሰበ።

ቱርቦ የሐሳብ ልጅነቱ ከስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ከአልፍሬድ ቡሺ ነው፤ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1905 ነው። ነገሩ ብልህነት ያለበት ቁጠባ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ዝም ብሎ ከሚባክን አንዲት ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እሷም በዘንጉ ሌላ ጫፍ ያለችውን እኅቷን ታዞርና አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አየር ሲበዛ ነዳጅ ይበዛል፣ ነዳጅ ሲበዛ ጉልበት ይበዛል።

በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ይህን መሣሪያ በሊበርቲ የአውሮፕላን ሞተር ላይ ገጥሞ ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወሰደው። ተራራው 4,300 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከእኛው ራስ ዳሽን ጥቂት ዝቅ ይላል። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር በዚያ ቀጭን አየር 230 ብቻ ሲያወጣ፣ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሆነ። ተራራው የወሰደውን ቱርቦው መለሰው።

በተሳፋሪ መኪና ላይ ቱርቦ በገበያ የወጣው በ1962 በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሼቭሮሌት ኮርቬር ነው። የጄትፋየሩ ሞተር እንዳይጎዳ ከነዳጁ ሌላ የውሃና የሜታኖል ቅልቅል ይጠጣ ነበር፤ ባለቤቶቹ ቅልቅሉን መሙላት እየረሱ መኪናው ብዙ አልኖረም። ቱርቦ በአሜሪካ ድራግ ሜዳ ላይ በተራ ሰው ዘንድ እውነተኛ ክብር ያገኘው በ1980ዎቹ በቢዊክ ስድስት ሲሊንደር መኪናዎች ነው። የመጨረሻውና እጅግ ብርቱው «ጂ.ኤን.ኤክስ.» በ1987 ተሠራ፤ ቁጥሩም 547 ብቻ ነው።

ፋብሪካው 276 የፈረስ ጉልበት አለው አለ። በዘመኑ የመኪና መጽሔቶች ሙከራ ሩብ ማይሉን በ13.5 ሰከንድ ገደማ፣ በሰዓት 164 ኪሎ ሜትር ጨረሰ። እስቲ ቀመሩን እንጠይቀው። መኪናው 1,608 ኪሎ ነበር፤ ነጂው ሲጨመር 1,690 እንበል። 164ን ለ289 ስናካፍል 0.567 ነው። ይህ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.183 ይሆናል። በ1,690 ስናባዛው 309 የፈረስ ጉልበት ይወጣል። ወረቀቱ ከተናገረው በ33 ይበልጣል። ቀመሩ ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ቢሳሳት ልዩነቱ 6 ፈረስ ገደማ ነው። 33ቱን በሙሉ ለመሣሪያ ስሕተት መስጠት ይከብዳል።

ቱርቦ ለምን ያታልላል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። አንድ ቱርቦ መኪና ሮጦ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፣ አቅሙ ከወረቀቱ እንዴት ይነበባል?

ችግሩ ቱርቦ ሥራውን የሚጀምረው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ተሽከርካሪዋ በጭስ ኃይል እስክትፈጥን ድረስ ሞተሩ ያለ ቱርቦ እንዳለ ትንሽ ሞተር ነው። ባለ ጭነት መኪና ነጂዎቻችን ከዓባይ ሸለቆ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ማርሽ በለወጡ ቁጥር «ቱርቦው እስኪይዝ» የሚሉት መዘግየት ይኸው ነው። በሩብ ማይል ላይ ይህ መዘግየት መነሻው ላይ ሲደርስ ጊዜውን ይገድለዋል። ፍጥነቱ ግን ይተርፋል። ስለዚህ ቱርቦ መኪና ብዙ ጊዜ መጥፎ ሰከንድና ጥሩ ፍጥነት አብሮ ያመጣል። ሰከንዱን ብቻ ያየ ሰው መኪናውን ይንቃል፤ ፍጥነቱን ብቻ ያየ ደግሞ ያለ ልክ ያደንቃል። ሁለቱን አስታርቆ ማንበብ ነው ብልህነቱ።

እንበልና ነጂውን ጨምሮ 1,450 ኪሎ የሚመዝን ቱርቦ መኪና በ12.6 ሰከንድ፣ በሰዓት 196 ኪሎ ሜትር ጨረሰ። በቀመሩ መሠረት 196 ለ289 ሲካፈል 0.678፤ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.312፤ በ1,450 ሲባዛ 452 የፈረስ ጉልበት ነው። ታዲያ 452 ፈረስ ያለው መኪና 12.6 ሰከንድ መፍጀት ነበረበት?

እዚህ ላይ አንድ ውብ ነገር አለ። በተስተካከለ ሩጫ ሰከንዱ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ለብርቱውም ለደካማውም መኪና ያው ነው፤ 2,190 ገደማ። ጉልበት ሲጨምር ፍጥነቱ በሚያድግበት መጠን ሰከንዱ ስለሚያጥር ብዜቱ አይነቃነቅም። የእኛን መኪና ብናሰላ 12.6 በ196 ሲባዛ 2,470 ሆነ። ትርፉ የባከነ ጊዜ ነው። 2,190ን ለ196 ብናካፍል 11.2 ሰከንድ እናገኛለን። ይህ ነው የመኪናው አቅም። በ12.6ና በ11.2 መካከል ያለው 1.4 ሰከንድ በሞተሩ ውስጥ የጠፋ ሳይሆን በመነሻው ላይ የቀረ ሀብት ነው። ከላይ ያየነውን ቢዊክ ብንጠይቀው 13.5 በ164 ሲባዛ 2,214 ነው፤ ከ2,190 ብዙ አይርቅም። ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ስላለው ነጂው ፍሬን ይዞ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ቱርቦውን አስቀድሞ አንቅቶ መነሣት ይችላል።

ብክነቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች ይረዳሉ። አንደኛው የመጀመሪያዎቹን 18 ሜትር (60 ጫማ) ለመጨረስ የፈጀው ጊዜ ነው። እዚያ የዳነች አንዲት አሥረኛ ሰከንድ መድረሻው ላይ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ታድናለች። ሁለተኛው በመንገዱ እኩሌታ ላይ የተመዘገበው ፍጥነት ነው። ጉልበቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሆነ መኪና የመድረሻ ፍጥነቱ የእኩሌታው 1.26 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይህም የ2 ኩብ ሩት ነው። የእኛ መኪና እኩሌታው ላይ 148 ብቻ አስመዝግቦ ከነበረ 196 ለ148 ሲካፈል 1.32 ነው። ይህ ማለት ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ የነቃው መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የዚህ መኪና ባለቤት ተጨማሪ ጉልበት መግዛት የለበትም፤ ያለውን ቀደም ብሎ መቀስቀስ ነው ያለበት። ስንቱ ግን ይህን ወረቀት ሳያነብ ትልቅ ቱርቦ ገዝቶ መዘግየቱን ያባብሰዋል!

ከፍታና አየር

ቀመሩን የሚያስተው ሌላው ነገር አየሩ ነው። በ1958 በዴንቨር አቅራቢያ ተከፍቶ እስከ 2023 የኖረው የባንዲሜር ሜዳ 1,770 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። እዚያ አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣ ነበር። በዚህ ምክንያት ከፍታ ላይ የተመዘገበን ጊዜ ወደ ባሕር ወለል የሚመልሱ ሠንጠረዦች ተዘጋጁ። ቱርቦ መኪና ግን ከዚህ ሠንጠረዥ ጋር አይገጥምም።

ምክንያቱን በአዲስ አበባ አየር እንየው። ከተማችን የባሕር ወለልን ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው የምታገኘው። ተራው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ከመቶ 24 ያህሉን ያጣል። ቱርቦው ግን ከውጭው ግፊት በላይ ሌላ አንድ የባሕር ወለል ግፊት ቢጨምር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ሞተሩ ሁለት እጅ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 1.76 እጅ ያገኛል። ኪሳራው 12 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በከፍታ ላይ የሮጠ ቱርቦ መኪናን በተራው ሠንጠረዥ ያረመ ሰው የሌለ ፈረስ ይቆጥርለታል። ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ተራራ ላይ ያሳየው እውነት ዛሬም ሒሳቡን ያስተካክላል ወይም ያበላሻል።

አቅምና ልክ

ይህ ሁሉ ስሌት አንድ ድንበር አለው። በቀመሩ ውስጥ ፍጥነት በራሱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ትንሿ ስሕተት ትባዛለች፤ ፍጥነቱ 1 በመቶ ሲሳሳት ጉልበቱ 3 በመቶ ይሳሳታል። ከኋላ የነፈሰ ነፋስ፣ በግምት የተጻፈ ክብደት፣ ቁልቁል ያዘነበለ መንገድ፣ ሁሉም የሐሰት ፈረስ ይወልዳሉ። የሜዳው ሰዎች በአንድ ሩጫ የማይፈርዱት ለዚህ ነው፤ ሦስት አራት ወረቀት ጎን ለጎን ይዘረጋሉ።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ድንበርም አለ። «አቅም» ማለት መኪናው ያላደረገው፣ ግን ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ይህ ቃል ሰውን ይፈትናል። 11.2 ሰከንድ በወረቀት ላይ የታየው ባለ 12.6 ሰከንድ መኪና ፍሬኑ፣ ጎማውና የብረት አካሉ ለ11.2 ተሠርተዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጨዋታው ቁንጮ የሆኑት መኪናዎች ጉልበታቸው ከ11,000 ፈረስ በላይ እንደሆነ ይገመታል፤ የእነሱም ጉልበት ለብዙ ዓመታት የተሰላው ከሩጫቸው ነው። በሰኔ 2008 ታዋቂው ነጂ ስኮት ካሊታ በኒው ጀርሲ ኢንግሊሽታውን ሞተሩ ፈንድቶ፣ መኪናው መቆም አቅቶት ሞተ። በቀጣዩ ወር ማኅበሩ ለእነዚያ እጅግ ፈጣን መኪናዎች ርቀቱን ከ402 ወደ 305 ሜትር አሳጠረ። መለኪያ ሆኖ ግማሽ መቶ ዓመት ያገለገለው ሩብ ማይል ለብርቱዎቹ ረዝሞ ተገኘ። የሰው ልጅ ያሠራውን ጉልበት የሚያቆምበት መሬት አጣ።

እንግዲህ ወደ አበው አባባል እንመለስ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። በሞተሩ ውስጥ ስንት ፈረስ እንዳለ ሰዓቱ ይመሰክራል፤ ሻጩ ሲያሳንስም ባለቤቱ ሲያገንንም ሰዓቱ አይሰማቸውም። የሚያስገርመው ግን ያው ምስክር የሚገልጠው የመኪናውን ብርታት ብቻ አለመሆኑ ነው። ብዜቱ ከ2,190 ሲርቅ የሚታየው የነጂው እጅ፣ የመካኒኩ ትዕግሥት፣ የገንዘቡም ያለ ቦታው መዋል ነው። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ሲያይ «ስንት ፈረስ ልጨምር?» ይላል። ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚለው «ያሉህን ፈረሶች መች አስነሣሃቸው?» ነው።